ምስክሩ ጠርሙስ

የናሙና ሰብሳቢዋ አጎት ሹፌር ነው፤ ቆሻሻ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ባልደረቦቹ «ጋሽ ወልዋይ» ያሉት ወደው አይደለም። ዕድል አጎትና የእህት ልጅን በአንድ መኪና ላይ አገናኝቷቸው፣ ከቀድሞው ጦር ሰፈር የነዳጅ ማከማቻ ግቢ አፈር እየወሰዱ በጠርሙስ ወደ ላቦራቶሪ ያመላልሳሉ።

ግቢው የናሙና ሰብሳቢዋ ልጅ ከምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት ጋር አጥር ይጋራል። ሕፃናቱ መሯሯጫ አጥተው ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ሲገፋፉ ይውላሉ። የተበከለው አፈር ተዝቆ ወጥቷል፤ አዲሱ ውጤት ንጹሕ ከሆነ አጥሩ ይፈርሳል፣ ግቢውም መጫወቻቸው ይሆናል። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ይፈርሳል?» እያለች እናቷን መግቢያ መውጫ አሳጥታታለች።

ውጤቱ ሲመጣ ጉድ ፈላ። አፈሩ ሁሉ ቤንዚን አለበት። ከናሙናዎቹ ጋር ታሽጎ ደርሶ የሚመለስ፣ ንጹሕ ውኃ የያዘ አንድ ጠርሙስ ደግሞ አለ፤ ሥራው መንገድ ላይ የገባ ነገር ካለ መመስከር ነው። እሱም ቤንዚን ተገኘበት። ሴትዮዋ ይህን ስታይ ደስ ብሏት ብድግ አለች። ቢያንስ የተወሰነው ቤንዚን የገባው መንገድ ላይ ነዋ።

አለቃዋ ግን ቸኩሏል። «የውኃውን ከአፈሩ ላይ ቀንሺና ጻፊው፤ እንገላገል።»

«ምን ያህሉ ከመንገድ፣ ምን ያህሉ ከአፈሩ እንደሆነ ማን ያውቃል? ልጄ እዚያ ላይ ነው የምትንከባለለው» አለችና ተናዳ ወጣች።

አጎቷን መኪናው አጠገብ አገኘችው። «ጋሼ፣ ከናሙናው ሳጥን ጋር ነዳጅ ጭነህ ነበር?»

«እኔ? በጭራሽ። እንዲያውም ሳጥኑ በጭቃ ተለውሶ ቢያሳፍረኝ፣ ሰው ፊት ከመቅረቡ በፊት ውስጡንም ውጭውንም በቤንዚን ጥርግ አድርጌ...» አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ተቋረጠ። ምክንያቱን ሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለባት፤ እሱ ደግሞ ያሳደጋት ሰው ነው።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ጻፊው እንጂ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ሹፌሩ ወለወለው በዪ። ካልተጻፈ ነገ ሌላው ይደግመዋል።»

አዲስ ሳጥንና አዲስ ጠርሙሶች ይዘው እንደገና ወጡ። ጋሽ ወልዋይ አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ባሰበት። ቅባት ተቀብተሻል ብሎ እጇን በሳሙና አስታጠባት። ናሙና ጭኜ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ አልደርስም ብሎ ማለ። እንዳለውም አልደረሰም፤ ላቦራቶሪው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መኪናው ነዳጅ ጨርሶ ቀጥ አለ። ሁለቱ ሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዘው፣ መንገደኛው እያያቸው፣ እየተሳሳቁ በእግራቸው ገቡ።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ደወለችለት። «ጋሼ፣ ከአንዱ ጥግ በቀር አፈሩ ንጹሕ ነው። ጥጉ እስኪቆፈር ይታጠራል፤ የቀረው ለልጆቹ ይከፈታል።»

«እሺ፣ ውኃዬስ?»

«ንጹሕ።»

በረጅሙ ሲተነፍስ በስልኩ ተሰማት።

አጥሩ የፈረሰ ቀን ልጅቷን ከትምህርት ቤት ያመጣት እሱ ነበር። ከእግር እስከ ራሷ አፈር በአፈር ሆና የኋላው ወንበር ላይ ተዘረጋች። ጋሽ ወልዋይ ወንበሩን ሳይወለውለው አደረ።