ግድግዳ የሚያምኑ ሰዎች

የኛ ከተማ ሰው ወንዙን አያምንም፣ ጎረቤቱን አያምንም፣ የገዛ ትዝታውን እንኳ አያምንም። የሚያምነው ግድግዳ ነው። ወንዙ በየጥቂት ዓመቱ ሞልቶ ይወጣና የታችኛውን ሰፈር ያጥለቀልቀዋል። ሲመለስ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ቡናማ መስመር ትቶ ይሄዳል። ቤት የሚገዛ ሰው ታዲያ ወንዙን ዞር ብሎ አያይም። ሻጩን ውሃ ገብቶበት ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድግዳውን ያያል። መስመር ከሌለ ውሃ አልገባም ማለት ነው። አለቀ፣ ደቀቀ።

እኔ ደግሞ ቀለም ቀቢ ነኝ። መስመሩን የማጠፋው እኔ ነኝ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ላዩን ቀለም ብትለቀልቁበት እርጥበቱ በወሩ ገፍቶ ይወጣና ያጋልጣችኋል። ልስኑን እስከ ብሎኬቱ ፍቄ፣ አድርቄ፣ ስቱኮ ሁለት ጊዜ አልብሼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ዘይት ቀለም ስደርብበት ወንዙ ራሱ ቢመጣ የት ድረስ ደርሶ እንደነበር አያስታውስም። ሌላ ቀቢ የለም ማለቴ አይደለም። ሌሎቹ ይለቀልቃሉ፣ እኔ እቀባለሁ።

የዚህን አገር ሰው ጉድ ከመሰላል ላይ ሆኖ ላየው ያስቃል። ዓሣው ከወንዙ፣ አሸዋው ከወንዙ፣ ጡቡ ከወንዙ ጭቃ፣ ገበያው ጀልባ በሚደርስበት ሰዓት፣ ልጁ የሚዳረው ማዶ ላለ ሰው። ውሃው ሲጎድል ደረቱን ነፍቶ «የኛ ወንዝ» ይላል። ሲሞላ ኮረብታው ላይ ተኮልኩሎ እንደ ሌባ ይረግመዋል። ጭቃው በደረቀ በሳምንቱ ደግሞ እኔን ይጠራና መስመሩን ያስጠፋል፤ መስመሩ ሲጠፋ ቀኑም ይጠፋል። ያን ዕለት በተነቀለ በር ላይ ተንሳፍፎ የወጣ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ «እኛ ጋ እንኳ አልደረሰም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አፉን ሞልቶ ነው የሚለው። ድንቄም አልደረሰ።

ባለ ወፍጮው ያስጠራኝ በዚህ ዓመት ነው። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው። ወንዙ ዳር ሦስት ደረጃ ያለው ቤት አለው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የመጣው ውሃ ደረጃውንም በሩንም ከምንም ሳይቆጥር ገብቶበታል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ተዘግቶ ነበር።

«እንደ ሙሽራ አድርግልኝ» አለኝ።

«ይቺን ሙሽራ ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ሞሽሬያታለሁ» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማን ሊገዛው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ግድግዳ አምኖ ቤት ለሚገዛ ሞኝ የሚራራ አንጀት የለኝም። አሥር ቀን ሠርቼ ቁልፉን አስረክቤ ሄድኩ።

እናቴ የምትኖረው እኔ ጋ ነበር፣ ዳገቱ ላይ፣ አንድ መስኮት ባለው ክፍሌ ውስጥ። በዚያው ውሃ ጊዜ ከባለ ወፍጮው ቤት ቀጥሎ ባለው ቤት ተከራይታ ነበር። ግማሽ ቀን ውሃ ውስጥ ቆማ በጀልባ በመስኮት አወጧት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እግሯ ከዳት፤ ሰው ካልተሸከማት አትነሳም። ታናሽ ወንድሜ ያኔ ሌላ ከተማ ያስተምር ነበር። አሁን እዚሁ ተዛውሮ መጥቷል።

አንድ እሑድ ጠዋት ወንድሜ አራት ሰውና አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ይዞ መጣ። ፊቱ ፈክቷል።

«ጋሼ፣ ላስደንቃችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለእማዬ ቤት ገዛሁላት። ከአልጋዋ ሳትነሳ ወንዙን የምታይበት።»

ተሸክመዋት ወረዱ፣ እኔም ተከተልኩ። ወደ ታችኛው ሰፈር ታጠፉ። የባለ ወፍጮውን ሦስት ደረጃ ወጡ። አልጋዋን ያነጠፉት እኔ በአሥር ቀን ከሞሸርኩት ግድግዳ ሥር ነው። እማዬ ዙሪያውን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። 

ወንድሜን ወደ ጓሮ ሳብኩት።

«እዚህ ቤት ውሃ ገብቶ ያውቃል» አልኩት።

«አልገባም። አፈ ቅቤ የሚሉት ደላላ ራሱ አሳይቶኛል። የእማዬ ቤት ገብቶ እዚህ ደረጃው ላይ ነው የቀረው፣ ቤቱ ከፍ ያለ ነው።»

«አፈ ቅቤ ነው ያሳየህ? የተማርክ ሰው አይደለህም እንዴ?»

«ታዲያ መስመሩ የታለ?»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለት ሦስት ቃል ነው። ነገር ግን ይህን ካልኩ ባለ ወፍጮው ይሰማል፣ አፈ ቅቤ ከተማውን ያዳርሳል፣ እኔ የነካሁት ቤት ሁሉ ይጠረጠራል፣ ከእንግዲህ ማንም በሩን አይከፍትልኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞኝ እያልኩ የምስቅበት ሰው ወንድሜ ሆኖ ቆሞ ያየኛል። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ቅናት ነው ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እሷን ከዚያ ጠባብ ክፍል ስላወጣሁ ነው።»

 ወደ ቤቴ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለራሴ ስዋሽ ከረምኩ። ዘንድሮ አይመጣም አልኩ። ቢመጣም ደረጃ አለ አልኩ። ልክ እንደ እነሱ፣ ልክ ከመሰላል ላይ ሆኜ እንደምስቅባቸው ሰዎች። ከዚያ በላይኛው አገር ዝናቡ ጠናና ውሃው መልኩን ለወጠ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎቻቸውን ወደ ላይ ጎትተው ማሰር ጀመሩ። እነሱስ ወንዙን እንጂ ግድግዳ አያዩም።

በማግስቱ ወንድሜ ትምህርት ቤት እንደሄደ ቡናማ ቀለም በጥብጬ፣ ቡርሽና ውሃ ልክ ይዤ ወረድኩ። እማዬ ነቅታ ነበር። ሰላም ብያት ጫማዬን አውልቄ በሩ ጋ ቆምኩ። ውሃው የደረሰበትን አውቀዋለሁ፣ በእጄ የፋቅሁት ነው። ደረቴ ጋ ለክቼ መስመሩን ከበሩ ጀምሬ ማስመር ያዝኩ። በጥግ በኩል ዞሬ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ወጥቼ ከራስጌዋ በላይ አሳለፍኩት። አልጋው ጉልበቴን አያልፍም። እሷ ከታች ተኝታለች፣ መስመሩ ደግሞ እዚያ ላይ። 

እማዬ መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው።

«አሳጠርከው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ውሃውን። አንገቴ ጋ ነበር። ከፍ አድርገው።»

ከአልጋው ወረድኩ። «ይህ ቤት ውሃ እንደገባበት ታውቂ ነበር?»

«አጠገቡ ቆሜ እንዴት አላውቅ? በዚህ መስኮት ገብቶ በዚያ ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን ተሸክመውሽ ሲገቡ እምቢ አላልሽም?»

«እምቢ ብል ወንድምህ ለምን ይለኛል። ውሃ ይገባበታል ብል መስመሩን ማን አጠፋው ይለኛል። ያንተን እጅ አላጣውም፣ ጥግ ስትደርስ ቡርሽህን ወደ ግራ ነው የምትጨርሰው።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ።»

ስንቱን ሰው ንቄያለሁ። ባለ ወፍጮውን፣ አፈ ቅቤን፣ እጁን አጣምሮ ግድግዳ የሚያየውን ገዢ ሁሉ። ይቺ ከአልጋዋ መነሳት የማትችል ሴት ግን ውሃው ከሚመጣበት ሥር ሦስት ሳምንት የተኛችው እኔ እንዳልዋረድ ነበር። ከእኔ የባሰ የሚናቅ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ ካለ አሳዩኝ።

ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ወጣሁ። እማዬ «ትንሽ ከፍ፣ ገና ነው» እያለች በጣቷ እየመራችኝ ሁለተኛውን መስመር ከመጀመሪያው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ አሰመርኩት። መስኮቱ ክፍት ነበርና ሁለት ሦስት መንገደኛ ቆሞ ያየናል። እንዲያዩ ተውኳቸው።

ቀለሙ ሳይደርቅ ወንድሜ ደብተሮቹን እንዳቀፈ ገባ። መጀመሪያ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ በእጄ ያለውን ቡርሽ።

«ማነው ግድግዳዬን እንዲህ ያበላሸው?» አለ።

«ያኔም እኔ ነኝ፣ አሁንም እኔ ነኝ» አልኩት።