ሽያጭ የተባለው ብድር

ይኸነው መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ አዲስ ቅዳም አጠገብ ካለው፣ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ከሞላበት የስሜነሽ ማሳ ሲደርስ ገና ጠዋት ነበር። ቀጣሪያቸው የከሰል ነጋዴው በዛብህ ነው። ዛፉን ገዝቼዋለሁ፣ ቁረጡና አክስሉ ብሏቸዋል። በዚያ አገር ግን ባለማሳው ወጥቶ ድንበሩን በእግሩ ረግጦ ካላሳየ ቆራጭ መጥረቢያ አያነሳም። የጎረቤት ዛፍ ቢነካ ጣጣው የራሱ ነዋ።

ስሜነሽ ሲጠሯት ወጣች፤ ከደጇ ግን ንቅንቅ አልል አለች።

«የምን ድንበር ነው የማሳያችሁ? እኔ ዛፍ አልሸጥኩም።»

ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይሄ ዛፍ ብቻ ነው። አምና ልጇ ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝላት ከበዛብህ ሃያ ሺህ ብር ተበደረች፤ በወር ከመቶ አሥር እየወለደ ዕዳው ከእጥፍ አለፈ። አውራ ጣቷን ያሳረፈችበት ወረቀትም የብድር ነው ተብላ ነበር።

ከኋላቸው የደረሰው በዛብህ ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበ። ሽያጭ ይላል። ብድር የለ፣ ወለድ የለ። አይ የሰው ጉድ! ልጅ ታማባት ደጁ የቆመችን ሴት፣ ፊደል አለመቁጠሯን አይቶ፣ አራጣው ሳያንሰው የዓመታት ልፋቷን ዘረፋት። እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከፊት የሚቆመው እሱ ነው!

ይኸነው ክው አለ። እሱም ባለፈው ክረምት ለማዳበሪያ ከዚሁ ሰው ሲበደር ጣቱን አሳርፏል፤ ምን ላይ እንዳሳረፈ አያውቅም። ጓደኞቹን ዞር ብሎ ቢያይ ሁለቱ አቀርቅረዋል። እነሱም እንደሱ ጣታቸውን አሳርፈው እንደነበር ገባው፤ ንዴቱም እስከ አናቱ ወጣ።

በዛብህ ምን ትጠብቃላችሁ ብሎ ተቆጣ፤ የቀን ሒሳባችሁን እጥፍ አደርጋለሁ አለ።

«ጋሽ በዛብህ፣ የገዙት ከሆነ ድንበሩን እርስዎ ያሳዩና» አለ ይኸነው።

በዛብህ እጁን ወርውሮ ከዚያ እስከዚያ ሲል የጎረቤቷን ዛፍ ጨምሮ አሳየ። ገዛሁ ያለውን ማሳ አንድ ቀን እንኳ ረግጦት አያውቅማ! አራቱም መጥረቢያቸውን መሬት ላይ አኖሩ።

«እትዬ ስሜነሽ፣ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ምስክርዎ እኛ ነን» አላት ይኸነው። ከዚያ ወደ በዛብህ ዞረ። «አሁን ደግሞ የኔን ወረቀት ያምጡት። ሰው እየሰማ ይነበባል።»

በዛብህ የያዘውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ያንተማ ሱቅ ነው ያለው አለ።

«እንግዲያው ሱቅ ድረስ አብረን እንሄዳለን።»

በዛብህ ቀድሞ ሄደ። አራቱ ቆራጮች ከኋላው፣ ስሜነሽም ነጠላዋን አጥብቃ ከእነሱ ኋላ ተከተለች።