አሮጌ የተባለው በር

የኔታ ዓለምብርሃን ለዓይናቸው ሕክምና ፍኖተ ሰላም ስምንት ቀን ሰንብተው ከማንኩሳ ወዲያ ወዳለችው ደብራቸው ሲመለሱ፣ በግቢው አዲሱን ቤተ ክርስቲያን ለሚሠሩት ግንበኞች ንፍሮ ተጥዶ ነበር። ከጉልቻው መካከል በሚነደው ፍልጥ ላይ የተቀረጸ መስቀል አዩ። ጎትተው አወጡት። ከአንድ ወጥ ዋንዛ የተጠረበው የነባሩ ቤተ ክርስቲያን የቅድስት በር ነበር።

ማን እንዳዘዘ ጠየቁ። ንፍሮ የምትቀቅለው ተናኜ ግንበኞቹ የተውትን ወረቀት አምጥታ አነበበችላቸው፦ «አሮጌ በር፣ ሁለት። አሮጌ መስኮት፣ አራት። ይወገድ።» ከግርጌው የአሠሪ ኮሚቴው ጸሐፊ የስመኘው ፊርማ አለበት። ስመኘው ስድስት ዓመት ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ቅኔ የተማረ፣ ዛሬ ቡሬ ላይ መምህር የሆነ ሰው ነው። ያንገበገባቸው ይህ ነው። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን አላዋቂ ነው ብለው ባለፉት ነበር።

ሲሚንቶ ሲያስወርድ አገኙት። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ቢል ነሱት።

«ጥንት ማለት ምንድን ነው ብዬ ነበር ያስተማርሁህ?»

«መነሻ፣ መጀመሪያ ነው ብለውኛል፣ የኔታ።»

«አሮጌስ?»

«አገልግሎ የደከመ።»

«በሩ የቱ ነው ታዲያ?»

ስመኘው ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱን ተናገረ። ጥንታዊ ብሎ ቢጽፍ ቅርስ ነው ተብሎ መርማሪ እስኪመጣ ግንባታው ይቆማል፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። ኮሚቴው መክሮ አሮጌ ይባል ያለው ለዚሁ ነው አለ።

የኔታ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ሳታውቅ ጽፈኸው ቢሆን እንደ ገና አስተምርህ ነበር። አውቀህ ለጻፍኸው ምን ትምህርት አለኝ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አስቆሙና ወረቀቱን አስነበቡ፤ ስመኘው የነገራቸውንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ቀድመው ያጉረመረሙት ሽማግሌዎቹ ነበሩ፤ ዋንዛውን ከቆላ ተሸክመው ያመጡት ቅድመ አያቶቻቸው ናቸውና። ቁጣው ወደ ወጣቱም ተጋባ። ገና ያልተፈለጡትን አራት መስኮቶች ተሻምተው ዕቃ ቤት አስገቡ፤ ግንባታውንም መርማሪ እስኪመጣ አስቆሙ።

በማግስቱ ስመኘው አዲስ ዝርዝር ይዞ መጣ፤ «ጥንታዊ መስኮት፣ አራት» ይላል። የኔታ ዝርዝሩን ተቀበሉ። የሁለቱን በሮች ነገር ጠየቁት። ይቅርታ ለመነ፤ እሳቸው ግን ሳይባርኩት አሰናበቱት።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ጣራ ያልወጣለትን ግድግዳ ይደበድበው ጀመር። በየኔታ የሚያማርር አልጠፋም። እሳቸውም ይሰማሉ። ንዴታቸው ግን አልበረደም።