ፎጣ የወረወረችው ሴት

«ቅዳሜ ፌንጣው ሪንግ ሲወጣ ጥጉ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። የአሰልጣኙ ልጅ ነኝ፤ በቃ» ብሎ ኑንሲዮ አረቄ ጠብ ያለባትን ቡናውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጣት። ጸሎት መሪዋ ዶኛ ኤውላሊያ መቁጠሪያዋን እንደያዘች ጆሮዋን አቆመች። ጸሎት ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ወሬ ግን ካመለጠ አመለጠ ነው።

የኑንሲዮ አባት፣ ሽማግሌው የቡጢ አሰልጣኝ ኤፍሬን ከተቀበረ ሳምንት አልፎታል። ሬሳው ባረፈበት ወለል ላይ የኖራ መስቀል ተሠርቶ፣ የቴፒቶ ሰፈር ሰው በየማታው ዙሪያውን ይጸልያል። ነገ እንደ ወጉ መስቀሉ ተነስቶ ኖራው መቃብሩ ላይ ይፈሳል። ቡጢ ያስተማራቸው ሁሉ መጥተዋል፤ አፍንጫው የቀና አንድም የለ።

ዳቦ የምታድለው ሬሜዲዮስ ናት። ኤፍሬን ያሳደጋት የእህቱ ልጅ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሪንግ ጥግ ባልዲ ይዛ የሰው ደም ስታደርቅ የኖረች። ቅዳሜ ለሻምፒዮና ቀበቶ የሚገጥመው፣ «ፌንጣው» የሚሉት ቡጢኛ ከቀብሩ ጀምሮ ይለምናታል።

«እቴ ሬሜ፣ ዋናዋ አሰልጣኝ አንቺ ሁኚልኝ።»

«እኔ ምን አውቄ? የሱን ቃል ነው ስደግም የኖርኩት። እዚያ ብቆም አለማወቄ ይነቃብኛል።»

«ማን ነው የሚነቃብሽ?»

«ሁሉም።»

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ጊዜ ቦኒፋሲዮ የሚባል ልጅ ሪንግ ላይ ይቀጠቀጣል፤ አንድ ዓይኑ በእብጠት ተደፍኗል፣ ከጆሮው ደም ይወርዳል፣ ኤፍሬን ደግሞ «በለው፣ በለው» ይላል። ሬሜ ፎጣውን ከሽማግሌው ትከሻ መንጭቃ ሪንጉ ላይ ወረወረች፤ ፎጣ ከገባ ተሸንፈናል ማለት ነው። ጨዋታው ቆመ። ኤፍሬን ሕዝብ ፊት በጥፊ አጮላትና «ፈሪ» አላት። ከዚያ ወዲህ ስሟ ያ መሰላት። በማግሥቱ ጧት ግን ሰውዬው ትኩስ ዳቦ በሯ ላይ አንጠልጥሎላት ሄደ። ይቅርታ ከአፉ አይወጣም፤ እሱ የሚያወጣው ከሰው አፍ ጥርስ ነው።

«እሷማ» አለ ኑንሲዮ፣ «ደም ስታይ ፎጣ ትወረውራለች። ዳቦ ታድል።»

ፌንጣው ተነሳ። «ድገመው እስቲ።»

ኑንሲዮ አልደገመውም፤ በቴስታ አለው። የፌንጣው ቅንድብ እንደ በሰለ ቲማቲም ፈነዳ። ፌንጣው በግራው የኑንሲዮን ጎን ሲለው የጎድን አጥንቱ ቀጭ ሲል ተሰማ። ወንበር ተሰበረ፣ ሻማ ተደፋ፤ ዶኛ ኤውላሊያ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ያገኘችውን እግር በመቁጠሪያዋ ትገርፋለች። ደሙ ኖራው መስቀል ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ሬሜ እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። የፌንጣውን አገጭ ጨምድዳ ይዛ አውራ ጣቷን ቁስሉ ላይ ተከለች።

«ቁጭ በል። እኔን እይ። ተንፍስ።»

ቁጭ አለ። ኑንሲዮ የወንበር እግር ይዞ ሲመጣ፣ ዞርም ሳትል «አንተም ቁጭ በል፤ ጎንህ ተሰብሯል» አለችው። እሱም ቁጭ አለ። ቤቱ ሁሉ ቁጭ አለ።

ጣቷን አንስታ ብታይ ከሥሩ አጥንቱ ነጭ ብሎ ታያት።

«ቅዳሜ አትገጥምም።»

«እቴ፣ ቀበቶው እኮ ነው። ዶን ኤፍሬን ቢኖሩ ቅንድቤን ሰፍተው ሪንግ ያስገቡኝ ነበር።»

«አዎ፣ ያስገባህ ነበር። አጎቴ ግን ሞቷል። አሁን ጥግህ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ፎጣ እወረውራለሁ።»

ያኔ ፎጣው ያዳነው ቦኒፋሲዮ ከወዲያ ጥግ ትንሿን ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዓይኗን በመዳፉ ከልሏል። ቡጢ ትቶ ዛሬ ጫማ ይሸጣል። ሬሜ አየችው፤ እሱም ቀና ብሎ አያት።

ፌንጣው ተሳደበ፤ አለቀሰም። በመጨረሻ «ታዲያ መቼ ነው የምገጥመው?» አላት።

«እኔ ስልህ።»

በማግሥቱ የመስቀሉን ራስጌ ማንሳት የሟቹ ልጅ ድርሻ ነበር። ኑንሲዮ ግን ጎኑ በፋሻ ታስሮ ማጎንበስ አልቻለም፤ በአገጩ ወደ ሬሜ ጠቆመ። ተንበረከከች። ደም የነካውን ከንጹሁ ሳትለይ ኖራውን እየዛቀች የሽማግሌው ፎጣ ላይ አደረገችው። ወለሉ ባዶ ሆነ። ሰው ሁሉ ወደ መቃብር ሊሄድ ተነሳ፤ እሷ ግን አልተነሳችም። ኖራ የለበሰ መዳፏን ያኔ ኤፍሬን በጥፊ የመታው ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ ይዛው ቆየች።