የፊደል ዕዳ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ጥቂት ጊዜ ጥሎ ቀረ። በቆሎው ወገብ ደረሰ፣ አበባ አወጣ፣ በቆመበት ነደደ። ማሽላው ትንሽ ታገለ፤ እሱንም ወፍ ጨረሰው። ከብቶች መውደቅ ጀመሩ። ሰዉ ኮምጣጣውን የሁመር ፍሬ በአመድ ቀቅሎ ልጆቹን አበላ። ከዚያ ሥር ቆፈረ። ከዚያ አገር ለቀቀ። ጉልበት ያለው ሸለቆውን ይዞ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ እዚያ ቢያንስ ትንንሽ ዓሣ አለ።

በአፋፉ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ግን የገንፎ ዱቄት ነበረው። ዱቄቱ የመጣው በታብሌቶቹ ምክንያት ነው። ወጣቱ መምህር ወደ ከተማ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ አንድ ድርጅት ታብሌትና ሶላር አመጣ። "መሣሪያው ያስተምራል፣ ይጠይቃል፣ ያርማል፣ ውጤቱንም ለወረዳው ቢሮ ይልካል" አሉ። ውጤቱ ላማረ ትምህርት ቤት ዱቄት ይጨመርለታል። የዚህ ትምህርት ቤት ውጤት ከወረዳው አንደኛ ሆነ። እናቶች በየቀኑ ከዛፉ ሥር ትልቁን ድስት ይጥዳሉ። ለብዙ ልጆች ከዚያ ሌላ የሚበላ አልነበረም።

ርእሰ መምህሩ ሃሞንጋ ነው፤ ወጣቱ ከሄደ ወዲህ ያለው መምህርም እሱ ብቻ ነው። አርጅቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል። ጠዋት ትንንሾቹን ያስተምራል። ትልልቆቹን ለታብሌቶቹ ትቶ ቢሮው ይቀመጣል። ዝም ያለ ክፍል ደስ ይለው ነበር።

የዚያን ሰኞ ዝምታ ግን አልወደደውም። ተነስቶ ሄደና በሩን ገፋው። ልጆቹ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የሚነካ የለም።

"ምን ሆናችኋል? ባትሪ አልቆ ነው?"

"ሙሉ ነው፣ መምህር።"

"ታዲያስ?"

እርስ በርስ ተያዩ። "ቾልዌ የለችም" አለች ሉያንዶ የምትባለው ልጅ።

"የቾልዌ ቤተሰብ ወደ ሐይቅ ሊወርድ መነሳቱን ሰምቻለሁ። የናንተንም እጅ ይዛ ነው የሄደችው?"

አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ዋጠው።

"እና ማን ይመልስልን?" አለች ሉያንዶ። ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

ነገሩ ሲወጣ ቀላል ነበር። ቾልዌ ታውቃለች፤ ሌሎቹ አያውቁም። ታብሌቱ በየወንበሩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እሷ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሳ ትሰጣለች። ቾልዌ እንደ ሃሞንጋ ከዝሆን ጎሳ ናት፤ የክፍሉ ግማሽ ደግሞ የጅብ ጎሳ ነው። ዝሆንና ጅብ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። በለቅሶም በሰርግም ይሰዳደባሉ፣ ባርኔጣ ይነጣጠቃሉ፣ ማንም አይቀየምም። የቀልድ ዘመድ አምርሮ የጠየቀውን መከልከል ግን ነውር ነው። ልጆቹ ጠየቁ፤ ቾልዌ ሰጠች። በጎሳው ወግ ያጠፋችው ነገር የለም። መሣሪያው ግን አንዲትን ልጅ እንደ ብዙ ልጆች ቆጥሯት ኖረ።

ሃሞንጋ ጠመኔ አንስቶ በቋንቋቸው፣ በላቲን ፊደል፣ "ውሻው ውሃ ጠጣ" ብሎ ጻፈና ሉያንዶን አስነሳት። በመሣሪያው ሁለተኛ የወጣችው እሷ ነበረች። ሰሌዳውን ሩቅ እንዳለ ተራራ አየችው።

"ያለ ቾልዌ?" አለች።

ሃሞንጋ ጠመኔውን አስቀመጠ። በዚያው ቀን፣ ከገንፎው በፊት፣ ከወረዳው ቢሮ አንዲት ሴትዮ ክፍሉን ልታይ ትመጣለች። ዝናብ እስኪጥል ዱቄት ይቀጥል አይቀጥል የሚታወቀው በእሷ ነው።

ወደ ውጭ ወጣ። እናቶቹ እሳት እያነደዱ ነው። የጅብ ጎሳው ሽማግሌ ሲያባሊማ ብስክሌቱን ከአጥሩ አስደግፎ ተቀምጧል። ሉያንዶ የእህቱ የልጅ ልጅ ናት፤ እናቷ ከተማ ለሥራ ከሄደች ወዲህ የሚያሳድጋት እሱ ነው።

"ዝሆኑ ወጣ!" አለ ሲያባሊማ። "ያን የሚያህል ጆሮ ተሸክመህ የሰው ሆድ ሲጮህ አይሰማህም?"

"ዝም በል፣ ጅብ። ዛሬ ቀኑ አይደለም።"

"ለዕዳ መቼም ቀኑ ሆኖ አያውቅ!"

እናቶቹ ሳቁ። የዕዳውን ነገር የማያውቅ የለም። የሁለቱ አባቶች በአንድ ጥማድ በሬ የሚያርሱ ጎረቤታሞች ነበሩ። የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሲከፈት አንዱ ልጅ ሊሄድ፣ ሌላው የሁለቱንም ቤት እርሻ ይዞ ሊቀር ግድ ሆነ። ሲያባሊማ ቀረ። "ሂድ፤ ስትመለስ ታስተምረኛለህ" አለው። ሃሞንጋ ሄደ፣ መምህር ሆኖ ተመለሰ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ በዛበት። ቀጥሎ ትዳር መጣ። ቀጥሎ ትልቅ ሰውን ፊደል ቁጠር ማለት አሳፈረው። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያባሊማ በየለቅሶው እየተነሳ "ይህ ሰው ፊደሌን በልቷል! ሆዱን ቅደዱልኝና ላውጣ!" ይላል። ሰዉ ይስቃል። ከሁሉም በላይ የሚስቀው ሃሞንጋ ነው። የቀልድ ዘመድ አፍ ስለሆነ ነገሩን የመዘነው አልነበረም። ሃሞንጋ አንዳንዴ፣ ብቻውን ሲሆን፣ ይመዝነው ነበር።

አሁን ክፍሉ ውስጥ ያየውን ነገራቸው። ሳቁ ጠፋ።

"ይሄ ምን ይቸግራል?" አለች የሙንሳካ እናት፤ ማማሰያዋን እንደያዘች። "ቾልዌን ማምጣት ነው! ዓሣ ጫኙ መኪና ተበላሽቶ መገንጠያው ላይ ቆሟል፤ እነሱም እዚያው ናቸው ብለውኛል።"

"በብስክሌት ቅርብ ነው" አለች ሌላዋ።

"ለአንድ ሰዓት ብቻ። ሴትዮዋ አይታ እስክትሄድ። ከዚያ ልጅቷን መልሳችሁ ለእናቷ ትሰጣላችሁ። ማን ይጎዳል?"

ሃሞንጋ ብስክሌቱን ተመለከተ።

"ጎማው ነፋስ አለው?" አለ በመጨረሻ።

"የኔ ጎማ እንዳንተ ሆድ ነው፤ ሁልጊዜ ሙሉ!" ብሎ ሲያባሊማ ተነሳ። መሪውን ያዘ። ሁለት እርምጃ ገፋና ቆመ። "ቆይ እስቲ። ሉያንዶ ሁለተኛ ወጣች ብለኸኝ የለም?"

"መሣሪያው ነው ያለው።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

ሃሞንጋ ከድስቱ አጠገብ ወደቆመው የዱቄት ጆንያ ዞረ። ሲያባሊማ ወደ ክፍሉ ዞሮ ልጅቷን ጠራት። መጣች።

"ጆንያው ላይ ምን ይላል?"

አየችው። "ዱቄት" አለች።

"ዱቄት መሆኑንማ በአፍንጫዬ አውቄዋለሁ። ምን ተብሎ ተጽፏል ነው የምልሽ?"

ሉያንዶ እግሯን ማየት ጀመረች።

ሲያባሊማ ብስክሌቱን ወደ አጥሩ መልሶ አስደገፈ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"መምህር ሃሞንጋ" አለ። "እርስዎን አንድ ነገር ልለምንዎት።"

የሙንሳካ እናት ማማሰሉን ተወች። በዚያ መንደር ጅብ ዝሆንን "እርስዎ" ሲል ተሰምቶ አያውቅም። ሃሞንጋን ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ይሄ ወጋው።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለ፤ ለመሳቅ ሞክሮ።

"አርባ ዓመት በቀልድ ጠየቅሁዎት። ቀልድ ስለነበር ሳቁ፤ አልፈርድብዎትም፤ እኔም ስቄያለሁ። አሁን ግን እየቀለድኩ አይደለም። ፊደሌን ይስጡኝ። ለኔም፣ ለዚችም። የቀልድ ዘመድ አምርሮ ሲጠይቅ እንደማይከለከል እርስዎ ያውቃሉ።"

"ገንፎውስ?" ብላ ጮኸች የሙንሳካ እናት። "አንተ ሽማግሌ፣ ልጆቻችንን ጠመኔ በጥብጠህ ልታጠጣቸው ነው?"

"የገንፎውን አላውቅም፣ የሙንሳካ እናት። እኔ የጠየቅሁት የራሴን ነው።"

ሃሞንጋ ወደ ድስቱ አየ፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ። "ባርኔጣህን አድርግ" አለው። "ፀሐይ ነው።" ብስክሌቱን ማንም አልነካውም።

የወረዳዋ ሴትዮ፣ ወይዘሮ ንካንዱ፣ መኪናዋ አቧራ ለብሶ ደረሰች። ወጣት ናት፤ ለሁሉም እጇን ሰጠች። "አንደኛችንን ለማየት መጣሁ!" አለች። ሃሞንጋ ክፍሉ በር ላይ አቆማትና ሳይቀባባ ነገራት። "ታብሌቱ ያስተማረው አንዲት ልጅ ነው። እሷም ወደ ሐይቅ ሄዳለች።"

ወይዘሮ ንካንዱ ወደ ውስጥ አየች፤ እጃቸውን ያጣጠፉትን ልጆች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"መምህር፣ ባትሪ አልሞላም ብዬ መጻፍ እችላለሁ እኮ። ሌላ ቀን ይታያል።"

"ባትሪው ሙሉ ነው።"

"ለእርስዎ ብዬ እኮ አይደለም። ለልጆቹ ነው።"

"እኔም ለእነሱ ነው።"

ተነፈሰች። "እሺ። ያለውን ጆንያ አልወስድም። ለሚቀጥለው ወር ግን ቃል አልሰጥዎትም። ታብሌቶቹንስ ይዤ ልመለስ?"

"አይሄዱም። እነሱ ምን አጠፉ? ጠየቁ፣ መልስ አገኙ። ማን እንደመለሰ ማየት የኔ ሥራ ነበር።"

መኪናዋ ስትሄድ የሙንሳካ እናት የተለካውን ዱቄት ቀንሳ ወደ ጆንያው መለሰች። በዚያን ቀን ገንፎው ቀጠነ። ለሃሞንጋ ምን ጊዜም የሚቀርብለት ሳህን አልቀረበለትም፤ አልጠየቀምም። የሙንሳካ እናት ለብዙ ቀን ሰላምታዋን ነፈገችው።

በማግስቱ የትልልቆቹን ወንበር አቀያየረ። አንድ ዝሆን ከአንድ ጅብ ጎን ተቀመጠ። ለሁለት አንድ ታብሌት። ማዳመጫ ቀረ። "መልስ መጠየቅ ክልክል ነው" አላቸው። "የቀልድ ዘመድ ሲሳሳት መሳቅ ግን ይፈቀዳል።" ክፍሉ እንደ ገበያ ሆነ። "ኧረ ይሄ ዝሆን 'ውሻ' ማንበብ አቃተው!" "አንቺ ጅብ፣ ያልሽው ፊደል እዚህ የለም፤ በልተሽዋል መሰለኝ!" ሃሞንጋ ጉልበቱን እያሸ በመካከላቸው ሲዞር ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ሲያባሊማ መጣ። ከኋላ፣ ሉያንዶ አጠገብ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞረ።

"ምን ልጻፍልህ መጀመሪያ?" አለው ሃሞንጋ።

"ስምህን። ሰው የባለዕዳውን ስም ሳይጽፍ በምን ይከሳል?"

"ረጅም ነው። ባጭሩ ጀምር።"

"ዕዳውም አጭር አይደለም።"

ሳምንታት ፈጀ። ማረሻ የለመደው እጅ ጠመኔ ይሰብራል። ታብሌቱ በሴት ድምፅ "እንደገና ሞክሩ" ባለ ቁጥር ሲያባሊማ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ "እሺ እመቤቴ" ይላል፤ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሉያንዶ ልታርመው ትሞክራለች፤ ለማረም ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋታል። "አይደለም አያቴ፣ ሆዱ ወደዚህ ነው" ትላለች፤ ከዚያ ራሷም ትጠራጠርና ሰሌዳውን ታያለች። የሚቀጥለው ወር ዱቄት ግማሹ ብቻ መጣ። ጥቂት ልጆች ቀሩ። ሃሞንጋ በየቤታቸው እየሄደ ጠየቃቸው፤ አንዳንዶቹ ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ ሐይቅ ወርደው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሲያባሊማ ሳይጠራ ተነሳ። ወደ ሰሌዳው ሄዶ ጠመኔ አነሳ። የመጀመሪያውን ፊደል እንደ በር መቃን ተከለው። ከዚያ ሁለተኛውን። የ'ኦ' ክቦች ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ሁለት መሆናቸውን በጣቱ አየር ላይ ቆጠረ። የሉያንዶ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ማንም አላገዘውም። ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ የጎደለ ግን የለም።

"ሃሞንጋ" ብሎ አነበበ።

የሳቀ አልነበረም። ሃሞንጋ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር።

"ትክክል ነው?" አለ ሲያባሊማ፤ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሳ።

"ትክክል ነው።"

ሲያባሊማ ስሙን ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው፣ ሙልጭ አድርጎ ጠረገው። እጁን በሱሪው አበሰ፤ ጠመኔውን ለሉያንዶ ሰጣት።

"የኔ ተከፍሏል" አላት። "ያንቺን ጀምሪ።"