የቀይዋ ማኪና አውጫጭኝ

እኔ አድማሴ ፍሬን መፍታትና መግጠም ከጀመርሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ጎንደር ላይ «አድማሴ ነክቶት የጮኸ ማኪና የለም» ይባል ነበር። ይባል ነበር ነው የምላችሁ፣ ልብ በሉ!

ልጅ ይባረክ የሚባል ደንበኛዬ ያቺን ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የእሽቅድምድም ማኪናውን ይዞ ዘመድ ሊጠይቅ አምባ ጊዮርጊስ ወጣና አደረ። ጠዋት ቢያስነሣት፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከኋላ ጎማ በኩል ጅራቷን እንደ ተረገጠች ድመት ሲጢጥ! «ጎንደር ሳለች ዝም ያለች ማኪና እዚህ አድራ ከጮኸች፣ ሌሊት የነካት ሰው አለ» ብሎ ዳኛው ለሚባለው ለአገሩ ጭቃ ሹም ከሰሰ። ዳኛው ደግሞ ችሎት ሲወድ ለጉድ ነው፤ ወዲያው አውጫጭኝ ጠራ። የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት ንቅንቅ የለም። ያውም በጥር፣ ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሮ!

እኔን ማኪናዋን እንድመረምር አስጠሩኝ። በአውቶቡስ ስደርስ ያ ሁሉ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተኮልኩሏል፤ ማኪናዋ እንደ ተከሳሽ መሐል ቆማለች። ከፊት ለፊቷ አያ የሻው የሚባሉ ሽማግሌ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ሌሊቱን ማኪናዋን የጠበቁ እሳቸው ናቸው። ጥፋተኛ ካልተገኘ ጥፋቱ የጠባቂው ነው ተብሎ ጠመንጃቸው ሊወሰድ ነው። ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይደባብሷታል።

«በል መርምርና ማን እንደነካት ንገረን» አለኝ ጭቃ ሹሙ።

«ማኪና የሰው ስም አትናገርም።»

«ታዲያ አንተ ምኑን ባለሙያ ሆንህ?»

ጥርሴን ነክሼ በክሪክ አነሣኋት። ጎማውን አወለቅሁ፤ የፍሬኑን ሸራ የሚሸፍነውን ከበሮ ሳብ ባደርገው፣ ወይ አድማሴ! ወይ ያንተ ጉድ! ሸራውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ተገልብጦ ተገጥሞ፣ መንገድ ላይ ላልቶ ከበሮውን ይፍቀዋል። ጩኸቱ ይኸው ነው። ማን ገጠመው? ሰኞ ዕለት ከጎረቤቴ ጋር ስለ በግ እየተጨቃጨቅሁ እኔው ነኝ የገጠምሁት! ከበሮውን ቶሎ መልሼ ደፋሁት።

እውነቱን ብናገር ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጎንደር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ማኪና ያምነኛል? ዝም ብል ደግሞ የሽማግሌው ጠመንጃ ሊሄድ ነው። አሰብሁ አሰብሁና ዋሸሁ።

«አቧራ ነው» አልሁ። «ነፋስ ያመጣው አቧራ ገብቶባት ነው እንጂ ማንም አልነካት። በሉ ሂዱ ወደ አውድማችሁ!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ተገላገልሁ ስል፣ ጭቃ ሹሙ ጺሙን እያሻሸ «የማን መሬት አቧራ ነው?» ብሎ አይጠይቅ መሰላችሁ!

«ነፋሱ ከፈንታዬ እርሻ በኩል ነበር» አለ አንዱ።

«የእኔ መሬት ጥቁር ነው!» ብሎ ፈንታዬ ዘሎ ተነሣ። «ማኪናዋ ግን ይኸው ቀይ ናት፣ እዩዋት!»

ከዚያማ ምኑ ይነገራል። ድንበር ተቆጠረ፣ የሞቱ አያቶች በስም ተጠሩ፣ ሁለት ወንድማማቾች አቧራው የማን ድርሻ እንደሆነ ሲከራከሩ የቆየ የርስት ጠብ ቀሰቀሱ። አንዱ ምስኪን ደግሞ «ሌሊት በብርድ ስታድር አሳዝናኝ ጎማዋን ጭድ አልብሻታለሁ» ብሎ ተናዘዘ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ጭቃ ሹሙ በቃኝ አለ።

«አቧራም ቢሆን ያስገባው ጠባቂው ነው። አያ የሻው፣ ጠመንጃዎን ወዲህ ያምጡ።»

አያ የሻው ተነሡ። ጠመንጃዋን በጋቢያቸው ጠርገው ሲዘረጉ አየሁና አላስቻለኝም።

«ቆዩ!» ብዬ ጮህሁ። «እኔ ነኝ! ሞላውን ገልብጬ የገጠምሁት እኔ ነኝ። አቧራውም ውሸት ነው!»

ጭቃ ሹሙ ግን ደስ አላለውም። «አውጫጭኝ ወፍ ይፈልጋል» አለኝ። ወፍ የሚሉት ያየውን የሚጠቁመውን ሰው ነው። «ሰው በራሱ ላይ ወፍ አይሆንም። ለሽማግሌው አዝነህ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?»

እኔ ነኝ እኮ፣ በጊዮርጊስ ይሁንባችሁ፣ እመኑኝ እያልሁ ጥፋቴን እንዲቀበሉኝ መለመን ጀመርሁ። እንዲህ ያለ ውርደት በጠላቴም አይድረስ!

«ወፉ እኔ ነኝ» አሉ አያ የሻው። «ከበሮውን ሲከፍት ፊቱን አይቼዋለሁ። ከአከፋፈቱ ይልቅ አዘጋጉ ፈጠነ።»

ጭቃ ሹሙ ዓይኑ ፈጠጠ። «ምነው ታዲያ እስካሁን ዝም አሉ? ጠመንጃዎ ሊሄድ አልነበረም?»

«የሰው ስም ነዋ! እኔ ካዋረድሁት በኋላ ማን ይመልስለታል? ራሱ ቢናገር ይሻላል ብዬ ጠበቅሁት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም፤ ጎንበስ ብዬ ሞላውን አቃንቼ፣ ጎማውንም መልሼ ገጠምሁ። ልጅ ይባረክ ማኪናዋን ሜዳው ላይ አዙሮ ፍሬን ሲይዝ፣ ሲጢጥ የለም። ጭቃ ሹሙም ጠመንጃዋን ለአያ የሻው ትቶ አውጫጭኙን ፈታ፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን እያራገፈ ወደ አውድማው ሮጠ።

እኔ አውቶቡሱን ትቼ ከአያ የሻው ጋር ገብስ ሳበራይ አመሸሁ። በሬዎቹን ቸኩዬ ስነዳ ከኋላዬ «ቀስ በል፣ አድማሴ፣ እነዚህ ፍሬን የላቸውም» እያሉ ይስቁብኛል።