ገዢውን ያውቁታል?

በስልክ አሮጌ ዕቃ መሸጥ ቀላል ይመስላል። አይደለም። የኢንተርኔቱ ገበያ እንደ ክፉ የቤት አከራይ ነው፤ ትንሽ ሲቀየም በሩን ይቆልፍብዎታል፤ ትናንት ሲያመሰግንዎት የዋለ ደንበኛ ሁሉ ዛሬ አድራሻዎን አያውቅም። የሰፈራችን ሰው አካውንቱ ሲታገድ፣ እንደገና ሲከፍት፣ እንደገና ሲታገድ እኔ ግን ካለሁበት ንቅንቅ አላልኩም።

እንዴት ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። እንጀራዬ እንከን መፈለግ ነበር፤ የዘለለ ስፌት፣ የተጣመመ ኮሌታ፣ ሳይቆረጥ የቀረ ክር። ስለዚህ አንድ ዕቃ ለሽያጭ ሳወጣ ከሁሉ አስቀድሜ እንከኑን እጽፋለሁ። እጀታው ተሰንጥቋል። በግራ በኩል ደብዝዟል። ጭረቱንም በጣቴ እያመለከትኩ ፎቶ አነሳዋለሁ። ጉድለቱን አውቆ የገዛ ሰው ምን ብሎ ይከሰኛል? ካልከሰሰኝስ ማን ያግደኛል? ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

ጎረቤቴ ነርሷ ይህን ብነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የሌላ ሰው ፎቶ ወስዳ ለጠፈች። ስልክ ቁጥሯን መልእክት ውስጥ ጻፈች። ያንኑ ጫማ በተለያየ ስም ደጋግማ አወጣችና ታገደች። በዚያ ላይ በባሏ ስልክ ሌላ ከፈተች፤ አዲሱን አገዱት፤ የባሏንም ደርበው አገዱላት። እንባዋ እየወረደ ስትመጣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብዬ ተቀበልኳት። እንዲህ ስላት ትናደዳለች፤ ግን ነገም ትመጣለች፤ እኔም ብትመጣ አልጠላም። የመጀመሪያውን ሕግ ያን ቀን አስያዝኳት። በአንድ ስልክ ሁለት አካውንት አይከፈትም። ከተከፈተ ገበያው ሁለቱንም የአንድ አጭበርባሪ ግራና ቀኝ እጅ አድርጎ ነው የሚያያቸው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጠነቀቅ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጡረታዬ ለአንዲት ሴት አያንስም። እውነቱን ለመናገር፣ ያ አካውንት ከታገደ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ጠዋት ስልኬ ጢው ይላል፤ አንዷ የመጋረጃውን ቁመት ትጠይቀኛለች። ከሰዓት ሌላው በዋጋ ይሟገተኛል። ዓይቼው የማላውቅ ልጅ «እናቴ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ» ብሎ ይጽፍልኛል። ለማስቀነስ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን እናቴ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ እቀንስለታለሁም። ባሌ ካረፈ ቆይቷል። ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው፤ ሳሎን ሬዲዮ ከፍቼ ወጥ ቤት ስገባ፣ ሰው እንግዳ ተቀብሎ የሚጫወት እየመሰለኝ ብቅ ብዬ አያለሁ። ልጅ አለኝ፤ ግን አንነጋገርም።

ልጄ ሚስት ካገባ በኋላ ቤቱን አከራይቼ እነሱ ጋ እንድገባ ይለምነኝ ነበር። ምራቴ ክፉ ሴት አይደለችም። የእኔ ዓይን ግን እንከን ይፈልጋል፤ ሳይፈልግም ያገኛል። አንድ ቀን ሊጠይቁኝ መጥተው ስለ አነጋገሯ አንድ ነገር አልኩ፤ ስለ አለባበሷም ጨመርኩበት። ልጄ ብድግ ብሎ፣ «እማዬ፣ ሰው እኮ ጨርቅ አይደለም» አለኝ። በገዛ ቤቴ፣ እሷ ፊት። ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ልጅ የለኝም» አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እሱ ጫማውን አስሮ ወጣ፤ እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተቀመጥኩ። በኋላ ቤት እንደቀየሩ ከሰው ሰማሁ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩ ቀን የተሸነፍኩ መስሎኝ።

አካውንቱን የከፈተልኝም እሱ ነበር፤ ከመጣላታችን በፊት፣ የአባቱን ኮቶች የሚለብሳቸው ሰው ይውሰዳቸው ብዬ ስወተውት። ከተጣላን በኋላ ግን በኮት አላበቃሁም። እልህ ያዘኝ። መጀመሪያ የእሱን ክፍል፣ ቀጥሎ ሳሎኑን ማራገፍ ጀመርኩ። ዝምተኛው የመጣው ያኔ ነው።

ዝምተኛው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ገበያው ላይ ስሙ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ ለመጥራት የማይመች ነገር ነው። አይከራከርም፣ አይጠይቅም፣ እናቴም አይለኝም። ያወጣሁትን ዕቃ ሌላው ሰው ገና ሳያየው እሱ ገዝቶታል። አንገቱ የጎበጠ የጠረጴዛ መብራት ገዛ። ጠርዙን ካውያ ያቃጠለው መጋረጃ ገዛ። አንድ ወታደር ጎድሎት በልብስ ቁልፍ የተተካበት ቼዝም ገዛ። እንከኑን ባበዛሁ መጠን እሱ ይፈጥናል። ዕቃውን የገበያው ሞተረኛ ከእኔ ተረክቦ ለገዢው ቅርብ ወደሆነ መረከቢያ ሱቅ ያደርሰዋል፤ ገዢውን እኔ አላየውም። ዝምተኛው ዕቃው ሲደርሰው «እንደተባለው ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላ ቃል የለም።

ከነርሷ ጋር ስቀንበታል። ይኼ ሰውዬ ወይ ገንዘብ ተርፎታል ወይ ዓይኑ አያይም እላት ነበር። ያም ሆኖ የእሱን ዕቃ ስጠቀልል እጄ ይጠነቀቃል። መጋረጃውን ተኩሼ ነው የላክሁለት። አንድ ሁለት ሳምንት ሳይገዛ ሲቀር ታሞ ይሆን ብዬ አስባለሁ። የማላውቀው ሰው ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል?

በመጨረሻ ያወጣሁት ትንሽ የልጅ በርጩማ ነበር። አንዱ እግሩ አጭር ነው፣ ከሥሩ ቆዳ ተመትቶበታል፣ ቢሆንም ይነቃነቃል ብዬ ጻፍኩ። ስልኩን ከእጄ ሳላስቀምጥ ዝምተኛው ገዛው። በካርቶን ጠቅልዬ፣ የዝምተኛውን የገበያ ስምና የመረከቢያ ሱቁን አድራሻ ለጥፌ፣ ሞተረኛው እስኪመጣ በር ሥር አስቀመጥኩት።

ከሞተረኛው በፊት የገበያው መልእክት ደረሰኝ። ነርሷ አጠገቤ ነበረች፤ መነጽሬን እስክፈልግ እሷ አነበበችልኝ። የዚህ ገዢ አካውንትና የእርስዎ አካውንት በአንድ ስልክ ላይ ነው የተከፈቱት ይላል። የቅርብ ዘመድ ሲገዛ የሐሰት ሽያጭ ተብሎ ይቆጠራል ይላል። ገዢውን ያውቁታል? ዝምድና ከሌላችሁ «አላውቀውም» የሚለውን ይጫኑ፤ የእሱ አካውንት ይታገዳል። የሚያውቁት ከሆነ የሚዘጋው የእርስዎ ነው፤ ያልደረሰው ዕቃም ይሰረዛል።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። እኔ? በአንድ ስልክ ሁለት አካውንት? ይህን ሕግ ለሰፈር ያስተማርኩ ሴት? ነርሷ ስልክሽን የሰጠሽው ሰው የለም ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ለማንም አልሰጠሁም ብዬ ጮህኩባት። እየጮህኩ ሳለ ትዝ አለኝ። ኮቶቹን ልንሸጥ ስንነሣ እኔ እንዲህ ያለ ስልክ አልነበረኝም። ልጄ እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ በራሱ ስልክ ነበር የከፈተልኝ።

ዝምተኛው የገዛቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሄድኩ አየኋቸው። ከሥራቸው እንከናቸው በእኔው ቃል ተጽፏል። የመብራቱን አንገት ያጎበጠው እሱ ነበር፤ ቤት ውስጥ ኳስ መትቶ። መጋረጃውን ያቃጠለው እሱ ነው፤ ላግዝሽ ብሎኝ፣ ካውያውን ረስቶት። የጎደለውን ወታደር ውሻ በላው ብሎ ዋሽቶን፣ አባቱ ከኮቱ ላይ ቁልፍ በጥሶ ተካለት፤ ውሻ እኮ ኖሮን አያውቅም። ያን ሁሉ እንከን ብዬ ስጽፍ እሱ የት ሆኖ ያነበው ነበር? ነርሷ እንዳታየኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እሷ ግን ዓይኗ ከስልኩ አልተነሣም። «እትዬ፣ አላውቀውም በያቸው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። እሱ ሌላ ይከፍታል፤ አንቺ ግን ይህን ያህል ዓመት የገነባሽው ስም ነው።»

ልክ ነበረች። በዚያ ስም ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ታማኝ ናት ብለው ጽፈዋል። ያ ከጠፋ ነገ ጠዋት ስልኬ ጢው አይልም። እሷም ምሳ ልታበስል ትሄዳለች፤ እኔና ሬዲዮው እንቀራለን። ጣቴን «አላውቀውም» ላይ አደረግሁት። አንድ ጊዜ ብዬው የለ? ልጅ የለኝም ብዬው የለ? ያኔ ግን ንዴት ነው የተናገረው። አሁን አልተናደድኩም። ቀዝቀዝ ብዬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ለማላውቃቸው ሰዎች ልጄን አላውቀውም ብዬ መፈረም ሆነብኝ። ጣቴ እምቢ አለኝ።

ሌላውን ተጫንኩት። ዝምድናችሁን ይግለጹ አለኝ፤ ልጄ ነው ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ነበር የዘጉት። ፎቶዎቹ፣ ምስጋናዎቹ፣ ያ እናቴ የሚለኝ ልጅ፣ ሁሉም ባንዴ ጠፋ። ነርሷ ራሷን እየነቀነቀች ወጣች። ሞተረኛውም ሳይመጣ ቀረ፤ ተሰርዟልና።

በርጩማው በር ሥር ተቀምጦ ያየኛል። ወጥ ቤት ስገባ ያየኛል፣ ስወጣ ያየኛል። በመጨረሻ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ካርቶኑን ታቅፌ፣ የለጠፍኩትን አድራሻ እያነበብኩ በአውቶቡስ ሄድኩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ እስከ ጣሪያው ካርቶን ተደርድሮበታል። ባለ ሱቁ ቁጥሩን በማሽኑ አየና ይኼ ዕቃ ተሰርዟል፣ መቀበል አልችልም አለኝ። እንዲቀበለኝ አይደለም የመጣሁት፣ የሚረከበውን ሰው ታውቀዋለህ ወይ አልኩት። የተለጠፈውን ስም ሲያነብ ፈገግ አለ።

«እሱን? እንዴት አላውቀውም፣ እማማ። ሌላው ሰው ዕቃውን ይዞ ይሮጣል፤ እሱ እዚያች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እዚሁ ነው የሚፈታው። የተበላሸውን ቦታ ፈልጎ ያገኘውና በጣቱ ይዳብሰዋል። አንድ ቀን ልመልስልህ ወይ ብዬው ነበር። አይ፣ ትክክለኛው ነው አለኝ።»

አግዳሚው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ዛሬ ይመጣል ወይ ብዬ ብጠይቀው ባለ ሱቁ አዘነልኝ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የተሰረዘ ዕቃ መልእክት ለገዢው ይደርሰዋል፤ ምን ሊያደርግ ይመጣል አለኝ።

ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ማንም ማንን አያይም። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። የልጄ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ፤ ሁልጊዜም ነበር። ደወልኩለት። አነሳው። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«በርጩማህን ይዤ መጥቻለሁ» አልኩት። «ሱቁ ጋ ነኝ።»

«ተሰርዟል ብለውኛል እኮ» አለኝ። ድምፁ ጎርንኗል፤ ወይም እኔ ረስቼዋለሁ።

«የሰረዙት እነሱ ናቸው» አልኩት። «እኔ አልሰረዝኩም።»

ትንፋሹ ይሰማኛል። ስልኩን አልዘጋውም፤ እኔም አልዘጋሁትም።